ለአሮጌ ኮምፒዩተር ግራፊክስ ካርድ ስለ መምረጥ

አስመጪው ሲያዝ፣ ባለሱቁም ሲሸጥ ሊመለከቱት የሚገባ

ወደ ኮምፒዩተር መሸጫ ሱቅ ከሚገቡት ደንበኞች መካከል አንዱ ዓይነት ልዩ አስተያየት የሚሻ ነው። ይኸውም አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት፣ ያለውንም ለመጣል የማይፈልግ፣ ነገር ግን በአሮጌው ኮምፒዩተሩ አዳዲስ ጨዋታዎችን ለመጫወት የሚመኝ ሰው ነው። ይህ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ በእጁ የያዘው ገንዘብ ለወራት ያጠራቀመው ነው፤ የሚፈልገውንም የካርድ ስም ከጓደኛው ሰምቶ ወይም በቪዲዮ ተመልክቶ በቃሉ ይዞ ይመጣል። ባለሱቁ የተጠየቀውን ከመደርደሪያ አውርዶ ቢሰጠው ሽያጩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። በማግሥቱ ግን ካርዱ በኮምፒዩተሩ ኬዝ ውስጥ አልገባ ብሎ፣ ወይም ገብቶ አልነሣ ብሎ፣ ተመልሶ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

የዚህ ጣጣ ሥር ከሱቁ ራቅ ብሎ በአስመጪው የትእዛዝ ወረቀት ላይ ይገኛል። አስመጪው ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንግዡ ትእዛዝ ሲልክ የሚመለከተው በዚያ ገበያ ስሙ የገነነውን ዕቃ ነው። በመጨረሻ የሚገዛው ሰው ግን በቤቱ ያለው ኮምፒዩተር ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በመጋዘን ውስጥ የሚከርም ሸቀጥ ይሆናል። ይህ ቀድሞም ቢሆን ኪሣራ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ግን ኪሣራው እጅግ ከብዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ በተሠራበት አገር 249 ዶላር የሚያወጣ ካርድ፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ሳይታሰብበት፣ ከ14 ሺህ ብር ገደማ ተነሥቶ ወደ 25 ሺህ ብር ተጠጋ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የማስታወሻ ቺፖችን በብዛት በመግዛታቸው የማስታወሻ ዋጋ በዓለም ገበያ በብርቱ ናረ፤ ግራፊክስ ካርድም ያለ እነዚህ ቺፖች አይሠራም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሃያ የማይሸጡ ካርዶችን በመደርደሪያ አስሮ መቀመጥ የማንም ነጋዴ አቅም የሚፈቅደው አይደለም።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ኮምፒዩተር

ነገሩ እንዲገባ አንድ ደንበኛ የሚከተለውን ኮምፒዩተር ይዞ መጣ እንበል። በ2014 የተገጣጠመ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ 5 4690፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ፓወር ሰፕላዩ በላዩ 500 ዋት የሚል ጽሕፈት ያለበት፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ባለ 2 ጊጋባይት የኢንቪዲያ ጂ.ቲ.ኤክስ. 760 ነው። ይህ ካርድ በ2013 ሲወጣ 249 ዶላር ያወጣ የነበረ ጥሩ ዕቃ ነው። ዛሬ ግን ሁለት ነገር ጎድሎታል። የመጀመሪያው ማስታወሻው ነው፤ 2 ጊጋባይት ለዛሬ ጨዋታዎች አይበቃም። ሁለተኛው ድራይቨሩ ነው። ኩባንያው ለዚህ የካርድ ትውልድ አዳዲስ የጨዋታ ድራይቨሮች ማውጣቱን በ2021 አቁሟል፤ የደኅንነት ጥገናውም በ2024 አብቅቷል። እንግዲህ ደንበኛው ካርድ ልለውጥ ማለቱ ትክክል ነው።

ሆኖም ባለሱቁ ማንኛውንም ካርድ ከማሳየቱ በፊት አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ ሊመክረው ይገባል። በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። ፕሮሰሰሩ ምን ነገር የት እንደሚገኝና ምን እንደሚደረግ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ያንን ተቀብሎ ሥዕሉን ይሥላል። ከሁለቱ የዘገየው ሌላውን ያስጠብቀዋል። ደንበኛው ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚወደውን ጨዋታ ይክፈት፤ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚሠራ ይመልከት፤ ከዚያም የሥዕሉን ሪዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርገው። ፍሬሙ በብዛት ከጨመረ የዘገየው ካርዱ ነው፤ አዲስ ካርድ ይጠቅመዋል። ፍሬሙ ካልጨመረ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነውና የ25 ሺህ ብር ካርድ ቢገዛ ለውጥ አያይም። እንዲህ ላለው ደንበኛ በዚያው ማዘርቦርድ ላይ የሚገጥም ያገለገለ ኮር አይ 7 4790 ፕሮሰሰር ማግኘትና ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ የተሻለ ነው። አይ 5ቱ አራት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲይዝ አይ 7ቱ ስምንት ይይዛልና። ባለሱቁ በዚህ ምክር የአንድ ካርድ ትርፍ ያጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተመለሰ ካርድ ትርፍ የለውም።

የፓወር ሰፕላዩ ጽሕፈት

ሙከራው ካርዱ መለወጥ እንዳለበት ካሳየ ቀጥሎ የሚመረመረው ካርዱ ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩ ነው። ብዙ ሻጮችና ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በጎኑ በትልልቁ የተጻፈው «500 ዋት» ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። እውነተኛው ቁጥር ከሥሩ በትንንሽ ፊደል በተጻፈው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ኃይላቸውን የሚያገኙት ከ12 ቮልት መሥመር ነው፤ ስለዚህ በዚህ መሥመር ሥር የተጻፈውን የአምፔር ቁጥር በ12 ማባዛት ነው። 20 አምፔር የሚል ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ለእነዚህ ለሁለቱ የሚሰጠው 240 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው 260 ዋት በወረቀት ላይ ያለ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይሠራ። የተጠቀሰው ፕሮሰሰር የተመደበለት 84 ዋት ነው። ለዲስክ፣ ለማራገቢያና ለማዘርቦርድ ሌላ 30 ወይም 40 ዋት ይያዝ። አር.ኤክስ. 580 የሚባለው የኤ.ኤም.ዲ. ካርድ 185 ዋት ይፈልጋል፤ ድምሩ ከ300 ያልፋልና በ20 አምፔሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ መሸጥ ስሕተት ነው። ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 የሚፈልገው 120 ዋት ሲሆን ድምሩ ጫፍ ላይ ይደርሳል። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አር.ቲ.ኤክስ. 3050 ግን 70 ዋት ብቻ ስለሚበቃው በሰላም ይሠራል። የመብራት ኃይሉ ከፍና ዝቅ በሚልበትና ድንገት በሚቋረጥበት ሰፈር ደግሞ ጫፍ ላይ የደረሰ ፓወር ሰፕላይ ዕድሜው አጭር መሆኑን ሳይጨምር ነው። እስታቢላይዘር አብሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ለደንበኛው የሚረባ ዕቃ ሸጠ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የገመዱ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዱ ለካርዱ በስሎቱ በኩል እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ይሰካበታል፤ ባለ 6 ፒኑ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ ሌላ 150 ዋት ይጨምራል። የዲስክ ገመድ ቀጥሎ ወደ ባለ 8 ፒን የሚለውጥ ርካሽ መለወጫ በገበያ ሞልቷል፤ ነገር ግን ለትንሽ ኃይል የተሠራውን ቀጭን ገመድ ብዙ ኃይል እንዲሸከም ያስገድደዋል፤ ሶኬቱ ቀልጦ፣ አልፎም ካርዱ ተቃጥሎ ያየ ቴክኒሺያን ጥቂት አይደለም። አስመጪ ባያስመጣው፣ ባለሱቅም ባይሸጠው ይበጃል።

ስለ ስሎቱና ስለ ዘመኑ

ካርዱ የሚሰካበት ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ የተባለው ስሎት ከአሮጌ እስከ አዲስ በመልኩ አንድ ነው፤ አዲስ ካርድ በአሮጌ ስሎት ላይ ይገባል፤ በአብዛኛውም ይሠራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከዚህ በላይ አይጠይቅም። መጠየቅ የሚገባው ግን የመሥመሮቹ ብዛት ነው። የ2014ቱ ኮምፒዩተር ስሎት ሦስተኛው ትውልድ ሲሆን በ16 መሥመሮች በሰከንድ 16 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል። ኤ.ኤም.ዲ. በ2022 ያወጣቸው አር.ኤክስ. 6400 እና አር.ኤክስ. 6500 ኤክስ.ቲ. የተባሉት ካርዶች ግን የሚጠቀሙት በ4 መሥመሮች ብቻ ነው። በአራተኛው ትውልድ ስሎት ላይ 4 መሥመር 8 ጊጋባይት ያህል ስለሚያስተላልፍ ችግሩ ቀላል ነው። በአሮጌው ስሎት ላይ ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል። የእነዚህም ካርዶች ማስታወሻ 4 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ቶሎ ይሞላና ካርዱ ከኮምፒዩተሩ ራም ለመበደር ይገደዳል፤ በዚያን ጊዜ ጠባቡ መንገድ ይታያል፤ ጨዋታውም ይንተባተባል። ሁለቱ ካርዶች ከርካሾቹ መካከል በመሆናቸው አሮጌ ኮምፒዩተር ላለው ሰው የተሠሩ ይመስላሉ። ለእርሱ የማይሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የባሰው ምሳሌ ኢንቴል በዲሴምበር 2024 በ249 ዶላር ያወጣው አርክ ቢ 580 ነው። 12 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለውና በዋጋው የተመሰገነ ካርድ ነው። ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን አሠራር ይሻል፤ ይህም ፕሮሰሰሩ የካርዱን ማስታወሻ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርግ ነው። ኢንቴል ራሱ ለዚህ ካርድ የሚመክረው ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የራሱን ፕሮሰሰሮች ነው፤ የደንበኛው ፕሮሰሰር አራተኛው ትውልድ ነው። በ2025 መጀመሪያ የወጡ ሙከራዎችም ይኸው ካርድ ደከም ካለ ፕሮሰሰር ጋር ሲጣመር ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ፍጥነት እንደሚያጣ አሳይተዋል። በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ያገኘውን ምስጋና ሰምቶ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ያዘዘው ነጋዴ እንግዲህ ምን ያህል እንደሚከስር መገመት ይቻላል።

ስም አንድ፣ ዕቃ ሁለት

አስመጪው ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የስም ጉዳይ ነው። በዚህ ንግድ የአንድ ዕቃ ስም ዕቃውን ለመለየት አይበቃም፤ ይህም የአጭበርባሪ ሥራ ብቻ ሳይሆን የአምራቾቹም ልማድ ነው።

ጂ.ቲ. 1030 የተባለው ትንሽ ካርድ በ2017 ሲወጣ ፈጣን የሆነውን ጂ.ዲ.ዲ.አር. 5 ማስታወሻ ይዞ ነበር፤ ማስታወሻው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በ2018 በዚያው ስም ዲ.ዲ.አር. 4 ማስታወሻ ያለው ሌላ ካርድ ወጣ፤ ይህኛው የሚያስተላልፈው 16.8 ጊጋባይት ነው፤ ከመጀመሪያው ሲሶ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሁለቱም ካርዶች ጂ.ቲ. 1030 ይባላሉ፤ ሁለቱም 2 ጊጋባይት አላቸው። ትእዛዙ ላይ የማስታወሻውን ዓይነት ያልጻፈ አስመጪ የሚላክለት ለላኪው የሚመቸው ነው።

ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 ባለ 3 ጊጋባይትና ባለ 6 ጊጋባይት ሆኖ ወጥቷል፤ ልዩነታቸው በማስታወሻ ብቻ ይመስላል፤ ግን ባለ 3ቱ በቺፑ ውስጥ ያሉት የማስሊያ ክፍሎችም ያንሳሉ፤ 1152 ሲሆኑ የባለ 6ቱ 1280 ናቸው። አር.ቲ.ኤክስ. 3050ም እንዲሁ ነው። በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ 130 ዋት የሚፈልግና 2560 የማስሊያ ክፍሎች ያሉት ሲሆን የ2024ቱ ባለ 6 ጊጋባይት 70 ዋት የሚበቃውና 2304 ክፍሎች ያሉት ነው። ደካማው ለአሮጌ ኮምፒዩተር የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚያቀርብ ላኪ ቢኖር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አር.ኤክስ. 580ም በ2018 በቻይና ገበያ 2048 ኤስ.ፒ. የሚል ጭራ ተቀጥሎለት ወጣ፤ የዚህ ቺፕ ልክ የታናሹ የአር.ኤክስ. 570 ልክ ነው፤ እውነተኛው 580 ግን 2304 ክፍሎች አሉት። ያገለገለ ሆኖ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ጭራው ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው ላይ ይጠፋል።

ከዚህ አልፎ ንጹሕ ማጭበርበር አለ። የ2010 ዘመን የሆነውን የጂ.ቲ.ኤስ. 450 ቺፕ አዲስ ማራገቢያ አልብሰው፣ በውስጡ ያለውን መለያ ለውጠው፣ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1050 ቲ.አይ. ብለው የሚሸጡ ተገኝተዋል። ኮምፒዩተሩም ሲጠየቅ 1050 ቲ.አይ. ብሎ ይመልሳል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን አስመሳይ ካርድ ለይቶ ያሳውቃል። ዓይን ብቻም ሊለየው ይችላል፤ ኢንቪዲያ ከ1000ዎቹ ካርዶች ጀምሮ የድሮውን ባለ 15 ቀዳዳ ሰማያዊ የቪ.ጂ.ኤ. ሞኒተር መስመር አይሰጥምና፣ ቪ.ጂ.ኤ. ያለበት 1050 ቲ.አይ. ሲገኝ ሣጥኑ ከነማሸጊያው ቢሆንም መጠርጠር ነው።

የዚህን የቪ.ጂ.ኤ. ነገር ባለሱቁ በሌላም በኩል ሊያስብበት ይገባል። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሞኒተሩም አሮጌ መሆኑ አይቀርም። አዲሱን ካርድ ወስዶ ቤቱ ሲደርስ የሚሰካበት ቀዳዳ ያጣል። ከኤች.ዲ.ኤም.አይ. ወደ ቪ.ጂ.ኤ. የሚለውጥ፣ በውስጡ ኤሌክትሮኒክ ያለበት አነስተኛ መለወጫ መፍትሔው ነው፤ ዋጋውም ከካርዱ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ነው። ከዲ.ቪ.አይ. ወደ ቪ.ጂ.ኤ. የሚያሸጋግረው የድሮው ተራ መሰኪያ ግን ለአዲሶቹ ካርዶች አይሠራም።

ያገለገለ ካርድ

ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 አሠራሩን እስከ ለወጠበት ቀን ድረስ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ግራፊክስ ካርድ ቀንና ሌሊት ሒሳብ እያሰላ ገንዘብ ሲያወጣ ነበር። በዚያ ቀን ሥራው ቆመ፤ ካርዶቹም ወደ ገበያ ፈሰሱ። ለረጅም ጊዜ የሠራ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም፤ ቺፑ ከሚጎዳው ይልቅ ማራገቢያውና በቺፑ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ቀድመው ያልቃሉ፤ ሁለቱም በርካሽ የሚለወጡ ናቸው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በተለይ በአር.ኤክስ. 570 እና 580 ካርዶች ላይ ባለቤቶቻቸው የማስታወሻውን ፍጥነት ለዚያ ሥራ ሲሉ በካርዱ ባዮስ ውስጥ ለውጠውታል፤ እንዲህ ያለው ካርድ በጨዋታ ላይ ሥዕሉን ያዛባል ወይም ኮምፒዩተሩን ያጠፋል። ቴክኒሺያን የመጀመሪያውን ባዮስ ቢመልስለት ይድናል። ፈጽሞ የማይድነው በ2017 ለዚያው ሥራ ብቻ የተሠራው ፒ 106-100 የተባለው ነው፤ ቺፑ የጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 ቺፕ ነው፤ ሞኒተር የሚሰካበት ቀዳዳ ግን የለውም። «የ1060 ዓይነት፣ በጣም ርካሽ» የሚል የዋጋ ዝርዝር የደረሰው አስመጪ ከምንም በፊት የካርዱን የኋላ ጎን ፎቶግራፍ ይጠይቅ።

ያገለገለ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ አንድ የሙከራ ኮምፒዩተር ከሌለው በዚህ ንግድ ባይገባ ይሻላል። ካርዱ በደንበኛው ፊት ለግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ይደረግና የሙቀቱ ቁጥር ይታያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ከብረት ላይ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል። የአየሩ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ አቧራ የሞላበት ማራገቢያ ግን አያካክሰውም።

የዋስትናውም ነገር በቃል መቅረት የለበትም። አሥር ቀንም ይሁን አንድ ወር፣ በደረሰኙ ላይ ከካርዱ የመለያ ቁጥር ጋር ይጻፍ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ሌላ የተበላሸ ካርድ ይዞ የሚመለስ አይታጣም።

ታዲያ የትኛው ይሸጥለት?

ለተጠቀሰው የ2014 ኮምፒዩተር ምርጫው አሁን ጠቧል። ርካሹ መንገድ ያገለገለ ባለ 6 ጊጋባይት ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 ነው፤ የድሮውን ካርድ ፍጥነት እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ባለ 6 ፒን ገመድ ብቻ ነው፤ ጂ.ቲ.ኤክስ. 760 ሁለት እንዲህ ያለ ገመድ ይጠቀም ስለ ነበር ገመዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ። ነገር ግን ኢንቪዲያ ለዚህም ትውልድ የጨዋታ ድራይቨር ማውጣቱን በኦክቶበር 2025 እንደሚያበቃና ከዚያ በኋላ እስከ 2028 የደኅንነት ጥገና ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ከዚህም በላይ በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በ2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ የተባለውን የብርሃን ስሌት በቺፑ ውስጥ የማይሠራ ካርድ ላይ አይከፈቱም፤ 1060 እና አር.ኤክስ. 580 ይህ የላቸውም። ደንበኛው የሚጫወተው ጂ.ቲ.ኤ. 5ን ወይም የእግር ኳስ ጨዋታ ከሆነ ይህ ሁሉ አያሳስበውም፤ ስለዚህ ምን መጫወት እንደሚፈልግ መጠየቅ ያሻል።

ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ለማውጣት ለሚችል ደንበኛ ባለ 6 ጊጋባይቱ አር.ቲ.ኤክስ. 3050 ያለ ሥጋት የሚሸጥ ነው። ሲወጣ ዋጋው 169 ዶላር ነበር። ከ1060 ጥቂት ይፈጥናል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፤ ሬይ ትሬሲንግ አለው፤ 8 መሥመር ስለሚጠቀም በአሮጌ ስሎት ላይ የሚያጣው ትንሽ ነው። በዋጋ ሲመዘን ፍጥነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ በውጭ አገር ተነቅፏል። ነቀፌታው ለአዲስ ኮምፒዩተር ልክ ነው፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው ግን ካርዱ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛት ያድነዋልና ሒሳቡ ይለወጣል።

ሦስተኛው በ2021 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት አር.ኤክስ. 6600 ነው። ከሦስቱ ፈጣኑ እርሱ ነው፤ 132 ዋትና ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። በ20 አምፔሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ ስለማይመከር፣ ደንበኛው ፓወር ሰፕላዩንም ጭምር መለወጥ አለበት። ይህ የሚያዋጣው በሚቀጥለው ዓመት ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ለመለወጥ ላሰበ ሰው ነው፤ ካርዱንም ፓወር ሰፕላዩንም ወደ አዲሱ ያሸጋግራቸዋልና። አሮጌው ፕሮሰሰር ግን የዚህን ካርድ ፍጥነት በሙሉ ሊያወጣው እንደማይችል አስቀድሞ ይነገረው።

በኮምፒዩተሩ ዕድሜ ላይ ሌላ ጥላ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አራተኛውን የኢንቴል ትውልድ በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ለዚህ ኮምፒዩተር ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ በላይ የሚያወጣ ካርድ መሸጥ ደንበኛውን መጉዳት ነው።

ከቢሮ የወጡት ኮምፒዩተሮች

የሚቀረው ከቢሮ ወጥተው በርካሽ የሚሸጡት የዴል፣ የኤች.ፒ.ና የሌኖቮ ኮምፒዩተሮች ጉዳይ ነው። ብዙ ወጣት እነዚህን ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ብጨምርበት የጨዋታ ኮምፒዩተር ይወጣዋል ብሎ ያስባል፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን ብንወስድ፣ የትልቁ ኬዝ ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ሲሆን ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድ የለውም። ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ልለውጥ ቢባል ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ሶኬት በገበያ የተለመደው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ዴል ለራሱ የሠራው ባለ 8 ፒን ነው፤ መለወጫ ገመድ ካልተገኘ አይገጥምም። ጠባቡ ኬዝ ደግሞ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ለእነዚህ ኮምፒዩተሮች የሚሆነው ከ75 ዋት የማይበልጥ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው፤ በ2019 የወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650ና ባለ 6 ጊጋባይቱ አር.ቲ.ኤክስ. 3050 በአጭር ቁመት ተሠርተው ይገኛሉ። አስመጪው ሲያዝ አጭር ቁመት ያላቸውን ለይቶ፣ አጭሩ የኋላ ብረት በሣጥኑ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጦ ይዘዝ። ከአሥር ትልልቅ ካርዶች ይልቅ እንዲህ ያሉ አምስት ካርዶች በዚህ ከተማ ቶሎ ይሸጣሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የኬዙን ስፋት በሴንቲሜትር የሚለካ ሜትር በጠረጴዛው ላይ ያኖረ ባለሱቅም የሚመለስበት ዕቃ ያንሳል።

ደንበኛው ያወጣውን አሮጌ ጂ.ቲ.ኤክስ. 760 በተመለከተ፣ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ጥቂት ብር ቀንሶ መቀበል ለባለሱቁ አይከፋም። ለሽያጭ ብዙም አይሆንም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ አልነሣም ብሎ የሚመጣ ሌላ ደንበኛ ሲኖር ጉድለቱ የካርዱ ይሁን የሌላ ክፍል ለመለየት፣ መሥራቱ የታወቀ ካርድ በሱቁ መሳቢያ ውስጥ መኖሩ ይፈለጋል፤ የዲ.ቪ.አይ. ቀዳዳዎቹም አሮጌ ሞኒተር ሲሞከርባቸው ይረዳሉ።